የአባትን ዕርቃን መሸፈንና በአባት ስም ማዘዝ

በ2016 ዓ.ም. በጾመ ፍልሰታ፣ በግንደወይን ከተማ ቅዳሴ ተፈጽሞ ሕዝቡ ወደየቤቱ ሲበታተን፣ ሁለት ሰዎች በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ጥላ ሥር ቆመው ሲከራከሩ አገኘን። አንደኛው ሰማንያ ዓመት የተሻገሩ፣ በአገሩ ሽምግልና ስማቸው የተጠራ አባት ናቸው። ሁለተኛው በትምህርት ቤት የሚያስተምር፣ እኛም በሕፃንነቱ ፊደል ያስቈጠርነው ወጣት ነው። ያከራከራቸውም በሬዲዮ የተሰማ ወሬ ነበር። በዚያው ክረምት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆ ባይደን በ81 ዓመታቸው እንደገና ለመመረጥ ሲወዳደሩ ሳሉ፣ በሰኔ ወር ከተቀናቃኛቸው ከዶናልድ ትራምፕ ጋር በአደባባይ ሲከራከሩ ቃል እየጠፋባቸው ሕዝብ ሁሉ ስላያቸው፣ ሐምሌ 14 ቀን ከውድድሩ መውጣታቸውን አስታውቀው ነበር። (ተቀናቃኛቸውም ቢሆኑ በዚያን ጊዜ 78 ዓመት የሞላቸው ሰው ነበሩ።)

ወጣቱ፣ «ይህ ድካም በአንድ ሌሊት የመጣ አይደለም፤ በዙሪያቸው ያሉት ሳያውቁት አይቀሩም፤ ታዲያ ሕዝቡ እስኪያይ ድረስ ስለ ምን ዝም አሉ?» ይላል። ሽማግሌው ደግሞ፣ «ልጄ፣ የአባቱን ዕርቃን አይቶ ያወራ ካም ተረገመ፤ ወደ ኋላቸው ሄደው የሸፈኑት ሴምና ያፌት ተባረኩ። ሽምግልናም ዕርቃን ነው፤ መሸፈን ነው የሚገባው» ይላሉ። መርገሙ በቃል የወረደው በካም ልጅ በከነዓን ላይ መሆኑን ሽማግሌው አጥተውት አይደለም፤ የነገሩን ፍሬ ይዘው ነው እንጂ። ሁለቱም ባዩን ጊዜ፣ «የኔታ፣ እስቲ ይፍረዱን» አሉን። እኛም ምሳ ሰዓት እንደ ደረሰበት ዳኛ፣ «ሁለታችሁም እውነት አላችሁ» ብለን አለፍን። እንዲህ ያለው ፍርድ ሁለቱን ደስ ያሰኛል፤ ለአንዱም ግን አይጠቅምም። ሌሊቱን ስናስበው አደርን፤ ይህንም የምንጽፈው ያን ቀን ያልከፈልነውን ዕዳ ለመክፈል ነው።

ነገሩ የአሜሪካኖች ጉዳይ ብቻ ቢሆን በዚህ መጽሔት ገጽ ላይ ባላነሣነውም ነበር። ነገር ግን የእኛ አገር ታሪክ በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ደጋግሞ በዚሁ ጥያቄ ተፈትኗል፤ ከፈተናውም ያተረፍነው ጥቂት ነው።

አስቀድመን ዕድሜን ራሱን እንመርምር። ዕድሜ ብቻውን ነውር አይደለም። ካሌብ በ85 ዓመቱ ወደ ኢያሱ ቀርቦ ጉልበቱ እንደ ጐልማሳነቱ ዘመን መሆኑን ተናግሮ ተራራማውን አገር ርስቴ ብሎ ጠየቀ፤ ጠላቶቹንም አስለቀቀ። ሙሴ 120 ዓመት ሆኖት ሲያርፍ ዐይኑ አልፈዘዘም ነበር፤ ሆኖም ከማረፉ አስቀድሞ ከእንግዲህ ወዲህ ለመውጣትና ለመግባት እንደማይችል ለሕዝቡ ሁሉ ነግሮ ኢያሱን በፊታቸው አቆመ። ሁለቱ ነገሮች የሚጋጩ የሚመስሏቸው ሰዎች አሉ፤ አይጋጩም። ዐይኑ ያልፈዘዘ ሰው የራሱን ዘመን መፈጸም ከሁሉ አስቀድሞ ያያል። በዔሊም ላይ የተፈረደው ዐይኖቹ ስለ ፈዘዙና 98 ዓመት ስለ ሞላው አይደለም፤ አፍኒንና ፊንሐስ በእርሱ ስም በመሠዊያው ላይ የሚያደርጉትን እያወቀ ስላልከለከላቸው ነው።

በእኛም አገር፣ በብቸናና በሞጣ አውራጃ፣ ሁለት ወንድማማቾች በርስት ሲጣሉ የሚጠራው የድንበሩ ድንጋይ በማን ዘመን እንደ ተተከለ የሚያውቅ ሽማግሌ ነው፤ ወጣት አይደለም። እንዲሁም ድካም ዕድሜን ጠብቆ አይመጣም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አልጋ ወራሽ የነበሩት ልዑል አስፋ ወሰን በጥር 1965 ዓ.ም. በጽኑ ሕመም ተመትተው ግማሽ አካላቸው ሰንፎ ለሕክምና ወደ ለንደን ሲወሰዱ ገና 56 ዓመታቸው ነበር፤ የ80 ዓመቱ አባታቸው ግን በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊም ያረፉት በ57 ዓመታቸው ነው። ስለዚህ መሪን በዓመቱ ቍጥር ብቻ የሚመዝን ሰው ሚዛኑን አልያዘም። ጥያቄው የዓመታት ብዛት አይደለም፤ መሪው ሲደክም በዙሪያው ያሉት ሰዎች በድካሙ ምን ያደርጋሉ የሚለው ነው።

እንግዲህ ሽማግሌው ወደ ጠቀሱት ወደ ኖኅ ቤት እንመለስ። ሴምና ያፌት ምን አደረጉ? ልብስ በትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን መልሰው፣ የኋልዮሽ ሄደው አባታቸውን ሸፈኑ። መልካም አደረጉ። ነገር ግን ያላደረጉትንም መቍጠር ይገባናል። አባታችን ነቅቶ ተቀምጧል ብለው ለቤተ ሰቡ አልተናገሩም። አባታችን አዝዟል ብለው ወይኑን አልለቀሙም፤ ከብቱንም አልነዱም። ልብስ አለበሱ እንጂ ማኅተም አልወሰዱም። ሽፋኑም የቆየው ኖኅ እስኪነቃ ድረስ ነው፤ በነቃም ጊዜ የተደረገውን ሁሉ ዐውቆ በገዛ አፉ ተናገረ። የአባትን ዕርቃን መሸፈን አንድ ነገር ነው፤ አባት ተኝቶ ሳለ በስሙ ማዘዝ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው በረከት ነው። ሁለተኛው ከካም ሥራ የሚለይ መስሎ ይታያል፤ ሁለቱም ግን በአባት ድካም ያተርፋሉ፤ አንዱ በሣቅ፣ አንዱ በሥልጣን።

ይህን ልዩነት የዳዊት ቤት አጥርቶ ያሳየናል። ዳዊት በሸመገለ ጊዜ ልብስ ቢደራርቡለትም አልሞቀውም ነበር። በዚያን ጊዜ አዶንያስ ሠረገላና ፈረሰኞች አዘጋጅቶ ነገሠ፤ የጦሩ አለቃ ኢዮአብና ካህኑ አብያታር ተከተሉት። ካህን በዚህ ነገር ውስጥ መገኘቱን አንባቢ ልብ ይበል፤ ኋላ እንመለስበታለን። ንጉሡ ግን የሆነውን ሁሉ አልሰማም። ናታን ምን አደረገ? ንጉሡ ሸምግሏል ብሎ በገበያ አላወጀም። ንጉሡም ደኅና ነው ብሎ ዝም አላለም። ከቤርሳቤህ ጋር ተማክሮ ወደ ንጉሡ አልጋ ገባና ንጉሡ ያላወቀውን ለራሱ ለንጉሡ ነገረው። ዳዊትም ያን ቀን፣ በሕይወቱ ሳለ፣ ሰሎሞንን በግዮን አስቀባው። (የዚያ ምንጭ ስም ከእኛው ከዓባይ ስም ጋር አንድ መሆኑን የጎጃም ሰው ሳያስታውስ አያልፍም።) ዖዝያን ደግሞ ለምጽ በወጣበት ጊዜ በተለየ ቤት ተቀመጠ፤ ልጁ ኢዮአታም በቤተ መንግሥቱ ላይ ሆኖ ለሕዝቡ ይፈርድ ነበር። ሕዝቡም ንጉሡ ለምን እንደ ተለየ ያውቅ ነበር። ሆኖም ስሙ አልተፋቀም፤ የመንግሥቱ ዘመን 52 ዓመት ተብሎ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ተቈጠረለት። ሕመምን መናገር ክብርን መግፈፍ የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ምዕራፍ ቢያነቡት መልካም ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ዳግማዊ ምኒልክ ከ1900 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ሕመም ሲጠናባቸው እንደ ብልህ አባት አደረጉ እንላለን። ሚኒስትሮችን በ1900 ዓ.ም. ሾሙ፤ በግንቦት 1901 ዓ.ም. ደግሞ የልጃቸውን ልጅ ልጅ ኢያሱን ወራሽ፣ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውን እንደራሴ አድርገው በዐዋጅ አስነገሩ፤ ዐዋጁም በግዝት ታሰረ። እስከዚህ ድረስ ሥራቸው የሙሴና የዳዊት ሥራ ነው። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ግን ሕመሙ ልሳናቸውን ዘጋው። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ያህል ንጉሠ ነገሥቱ በሕይወት አሉ፤ ድምፃቸው ግን የለም። እቴጌ ጣይቱ ከአልጋው አጠገብ ሆነው ያስተዳድሩ ጀመር፤ መኳንንቱ ተቃውመው በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ አራቋቸው። ራስ ተሰማ በ1903 ዓ.ም. ሞቱ፤ ልጅ ኢያሱም በ16 ዓመታቸው ያለ ሞግዚት ቀሩ። በዚያ ሁሉ ዘመን አገሩ በሹክሹክታ ይኖር ነበር። ሞተዋል የሚል ወሬ ይነሣል፤ የለም አሉ ይባላል። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በእውነት ሲያርፉ እንኳ ሞታቸው ተሸሸገ፤ የዓድዋን ድል ላገኙ ንጉሥ ሕዝቡ በአደባባይ አላለቀሰም።

ስለ እቴጌ ጣይቱ ብዙ ተጽፏል፤ እኛ ባሉን ጠባይ መዝነን አንፈርድባቸውም። የታመመ ባሏን የምታስታምም ሚስት ናቸው፤ ያን ጊዜም ያስተዳደሩት እርሳቸው ብቻ አልነበሩም። እንዲያውም ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1912 ዓ.ም.፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን በተመሳሳይ ሕመም በወደቁ ጊዜ ባለቤታቸው ማን ይግባ ማን አይግባ እያሉ በሩን ጠብቀው፣ የሕመሙ ብርታት ለሕዝቡ ሳይነገር፣ ባለ ሕገ መንግሥቱ አገር ከአንድ ዓመት ተኩል ያህል በዚያ አኳኋን ቆይቷል። እንግዲህ ነገሩ የኋላ ቀር አገር ነውር አይደለም፤ የአልጋ ነውር ነው። የእኛው ግን ዋጋው ከበደ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከአልጋ ወረዱ፤ በጥቅምት ወር በሰገሌ ሜዳ ወንድም ወንድሙን ወጋ። የዚያ ደም ምክንያቱ የአንድ ሕመም መሸሸግ ብቻ ነው አንልም፤ ነገር ግን ባዶ አልጋ ሙሉ መስሎ በቆየ ቍጥር አልጋውን የሚሹ ሰዎች በጨለማ እየበዙ ይሄዳሉ።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የምኒልክን ዘመን በጐልማሳነታቸው በዐይናቸው ያዩ ናቸው። ከዚያም ሳይማሩ አልቀሩም፤ በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ በጽኑ ሕመም ሥራቸውን ለመፈጸም የማይችሉ ሲሆን፣ ይህንንም የዘውድ ምክር ቤት ሲወስን፣ እንደራሴ እንዲቆም ተጽፎ ነበር። መልካም ሕግ ነበር። ይሁን እንጂ «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር፣ ንጉሡ የሾማቸው የምክር ቤት ሰዎች ተነሥተው «ጃንሆይ፣ ደክመዋል» ይላሉ ብሎ ማሰብ ሕጉን ከጻፉት ሰዎች መካከል ስንቱ ያመነው ይሆን? ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. የ80 ዓመት ልደታቸው ሲከበር፣ ሥልጣናቸውን ለአልጋ ወራሹ ያስተላልፋሉ ብለው የጠበቁ ብዙዎች ነበሩ፤ አልሆነም። በስድስት ወር ውስጥ አልጋ ወራሹ ታመሙ። በወሎ ረኃብ ሕዝቡን ፈጀው። ንጉሠ ነገሥቱ ማስታወስ እየተሳናቸው ነው የሚለው ንግግር ከቤተ መንግሥቱ አጥር ወጥቶ በየመጠጥ ቤቱ ይወራ ነበር፤ በአልጋቸው አጠገብ ግን የናታን ቃል አልተሰማም።

በዚህ ላይ የአገራችንን አንድ ነገር እንጨምር። በ1960 ዓ.ም. የሞጣና የብቸና ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር ተቃውሞ በተነሣ ጊዜ፣ ጠቡ ከአገረ ገዢውና ከግብር ሰብሳቢው ጋር እንጂ ከንጉሡ ጋር አለመሆኑን ይናገር ነበር። ንጉሡ አልሰሙም፤ ቢሰሙ ይፈርዱ ነበር የሚል እምነት ነበረው። ጦር ተላከበት፤ ኋላ ግን አገረ ገዢው ተዛወሩ፣ ግብሩም ቀረለት። የዚህ እምነት የዋህነት ያስቀን ይሆናል፤ ነገር ግን ሕዝብ ለመሪው ጆሮ ያለውን ተስፋ ያሳያል። ያን ጆሮ የከበቡ ሰዎች ሁለት ሽፋን ነው የሚጋርዱት፤ ሕዝቡን ከመሪው ይሸሽጋሉ፣ መሪውንም ከሕዝቡ። በመጨረሻ ማን ማንን እንደሚጠብቅ ለማወቅ ያስቸግራል።

ናታን ባልተናገረበት ቤት ካም ይናገራል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ በዐዋጁ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች አንዱ፣ በ82 ዓመት ዕድሜያቸው በአካልም በአእምሮም ደክመው ከፍተኛውን ኀላፊነት ሊሸከሙ አለመቻላቸው ነበር። እኛ በዚያን ጊዜ ሕፃን ነበርን፤ ነገሩን የሰማነው ከታላላቆቻችን ነው። አንዱ ታላቅ መምህር በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ስንቈጥር፣ «የተባለው ነገር ሐሰት አልነበረም፤ አፉ ነው የጠመመው» ይሉን ነበር። ወዳጅ በክብር ሊናገረው የሚገባውን እውነት ጠላት ለመጣያ ተናገረው። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲሞቱም ከሕመም የተነሣ ነው ተብሎ ተነገረ፤ ደርግ ከወደቀ በኋላ በተካሄደው ክስ ግን ታፍነው መገደላቸው ተገለጸ፤ ዐፅማቸውም በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቈፍሮ ወጥቶ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ። እርጅናን መሣሪያ ያደረገ ሰው ሕመምንም መሸፈኛ ያደርጋል።

በ2004 ዓ.ም. ክረምትም ያው ሆነ። ከሰኔ ወር ጀምሮ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሕዝብ ዐይን ጠፉ፤ ባለሥልጣናቱ ደኅና ናቸው፣ ዕረፍት ላይ ናቸው፣ ለዐዲስ ዓመት ይመለሳሉ ይሉ ነበር፤ ስለ ጤንነታቸው የጻፈ ጋዜጣም እንዳይሰራጭ ታገደ። ነሐሴ 14 ቀን ዐረፉ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ከአራት ቀን በፊት ዐርፈው ነበርና ሕዝቡ በአንድ ሳምንት ሁለት ኀዘን ተቀበለ፤ የመጀመሪያውን ለማመን አልተቸገረም፤ ሁለተኛውን ግን ስንት ጊዜ «ደኅና ናቸው» ሲባል ስለ ሰነበተ እውነቱ ሲነገረውም ተጠራጠረ። በሌላው ዓለም ደግሞ የአልጄሪያው ፕሬዚዳንት ቡተፍሊካ በ2005 ዓ.ም. ከታመሙ በኋላ ስድስት ዓመት ያህል ሕዝብ ድምፃቸውን ሳይሰማ ኖረ፤ በአንዳንድ በዓል ላይ በእርሳቸው ፈንታ በመስተዋት የተገጠመ ሥዕላቸው ይቀመጥ ነበር፤ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ በ2011 ዓ.ም. እስኪለቁ ድረስ። ለሥዕል የሚሰገድ ስግደት ምን እንደ ሆነ እኛ ካህናት እናውቃለን፤ ክብሩ ወደ ባለ ሥዕሉ ያልፋል። እዚያ ግን የሚያልፍበት አልነበረም።

ስለ ቤተ መንግሥት ብቻ ተናግረን የራሳችንን ቤት ብንተው ግን አድልዎ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ነገር መልካምም ክፉም አይታለች። የመጀመሪያው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ባስልዮስ በመጨረሻ ዘመናቸው በሕመም ሲደክሙ አቡነ ቴዎፍሎስ በእንደራሴነት ሥራውን ያካሂዱ ነበር፤ አረጋዊው አባትም እስከ ዕረፍታቸው እስከ ጥቅምት 1963 ዓ.ም. በማዕርጋቸው ተከብረው ኖሩ። የዖዝያንና የኢዮአታም ሥርዓት ይህ ነው። በ1983 ዓ.ም. ግን ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ሲለቁ፣ በሕመም ምክንያት በፈቃዳቸው ነው የሚሉ ወገኖች ተነሡ፤ በመንግሥት ተገደው ነው የሚሉም ተነሡ። ከዚያ የመጣው መለያየት ሁለት ሲኖዶስ አቁሞ እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዕርቅ ድረስ ቆየ። የፍርዱን ዝርዝር ለሊቃነ ጳጳሳቱ እንተዋለን፤ አንድ ነገር ግን እናስታውሳለን። ሕመማቸው ምክንያት ሆኖ የተጠቀሰው አባት የካቲት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. እስኪያርፉ ከዚያ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ በሕይወት ኖረዋል። ስለ ሕመም የተነገረ ቃል በሐኪምና በራሱ በታማሚው አፍ በግልጥ ካልጸና፣ እውነት ቢሆን እንኳ ማንም አያምነውም።

ከዚህ ሁሉ ታላላቅ ነገር ወደ አንድ ትንሽ ነገር እንውረድ፤ ምክንያቱም ታላላቁን የምናውቀው በወሬ ነው፣ ትንሹን ግን በዐይናችን አይተናል። ከግንደወይን ወጣ ብሎ ባለ አንድ ደብር እኛን ያጠመቁን አረጋዊ ቄስ ነበሩ። በመጨረሻ ዘመናቸው እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቅዳሴ ሲገቡ ዲያቆናቱ ዐይናቸውን ከጻሕሉ አያነሡም ነበር፤ ቅዱስ ሥጋው እንዳይወድቅ። ደብሩ ሁለት ሆነ። አንዱ ወገን ይቀመጡ ይላል፤ ከዚህ ወገን የሚጮኹት አብዛኞቹ ቦታቸውን የሚፈልጉ ነበሩ። ሌላው ወገን እርሳቸውን መናገር ድፍረት ነው ይላል፤ ከእነዚህም የሚበዙት በእርሳቸው ስም የደብሩን ገንዘብ የሚይዙ ነበሩ። እኛ ያን ጊዜ ወጣት ካህን ነበርን፤ ከሁለተኛው ወገን ጋር ዝም አልን፤ ዝምታችንንም አክብሮት ብለን ጠራነው። ሁለት ዓመት እንዲሁ ሆነ። በመጨረሻ ንፍቅ ካህኑ፣ ብዙ ያልተማረ ሰው፣ አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ጕልበታቸውን ስሞ፣ «አባቴ፣ እጅዎ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ፈራሁ» አላቸው። አረጋዊው ጥቂት ዝም ብለው፣ «ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ዐውቄው ነበር፤ የሚነግረኝ ሰው ስጠብቅ ነበር። ዝም ስትሉ ጊዜ እግዚአብሔር ሸፍኖልኛል፣ ለሰው አይታይም ብዬ አሰብኩ» አሉት። ከዚያ በኋላ አልቀደሱም፤ በቅኔ ማኅለት መቋሚያቸውን ይዘው ቆመው ያስቀድሱ ነበር፤ የተሳሳተ ዜማ ሲሰሙም አይምሩም ነበር።

ዝምታችን እርሳቸውን ከማሳፈር አላዳናቸውም። የሚያውቁትን ነገር እንዲጠራጠሩ አደረጋቸው እንጂ። በታላላቆቹም ቤት ነገሩ ከዚህ የተለየ አይመስለንም። መሪ ድካሙን አያውቅም የሚሉ አሉ፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ያውቃል። ነገር ግን የከበቡት ሁሉ «ይበርታሉ፣ እንደ ወጣት ናቸው» ሲሉት ከገዛ ራሱ ይልቅ እነርሱን ማመን ይጀምራል። ገለዓዳዊው ቤርዜሊ ዕድለኛ ሰው ነበር እንላለን፤ ዳዊት ከእኔ ጋር ወደ ኢየሩሳሌም ውጣ ባለው ጊዜ፣ 80 ዓመት እንደ ሆነው፣ የሚበላውን ጣዕም እንደማይለይ፣ የዘፋኞችንም ድምፅ እንደማይሰማ ተናግሮ፣ በእርሱ ፈንታ ጐልማሳ ልኮ ወደ አባቶቹ መቃብር ተመለሰ። ይህን እንዲል ያስቻለው በዙሪያው የሚያሞግሱት ባለሟሎች ስላልነበሩ ይመስለናል፤ በገለዓድ የሚኖር ባለጠጋ ነበር እንጂ የሹም አደግዳጊ አልነበረውም።

የእኛ የካህናት ሥራ እንግዲህ የቱ ነው? የንስሐ አባት የሰማውን ለሕዝብ አያወጣም፤ ይህ ይታወቃል፤ ማንም እንዲያወጣ አንጠይቅም። ሕመምን ለሕዝብ መናገር የሐኪምና የሕግ ሥራ ነው፤ ሕጉም ማን እንደሚመረምር፣ ማን እንደሚናገር፣ በስንት ቀን እንደሚናገር ካልጻፈ ሕግ አይባልም። የንስሐ አባት ግን ለንስሐ ልጁ፣ ለራሱ፣ ፊት ለፊት መናገር ግዴታው ነው። በምኒልክም በኃይለ ሥላሴም ቤት የንስሐ አባት ነበረ፤ በቤተ መንግሥቱ ጸሎት ቤት ቅዳሴ አልተቋረጠም። የተነገረ ነገር ካለ በምስጢር ነውና አናውቀውም፤ ያወቅነውን ያህል ግን በአደባባይ ካህናት ያሰሙት ዕድሜ ይስጥልን የሚለውን ምርቃት ብቻ ነው። አብያታር ወደ አዶንያስ የሄደው፣ ናታን ግን ወደ አልጋው የገባው በአንድ ቀን ነው። ሁለቱም የእግዚአብሔር ሰዎች ተብለው የሚጠሩ ነበሩ።

ይህን ሁሉ ካሰብን በኋላ ባለፈው ጥቅምት ወጣቱን መምህር አግኝተን ነገርነው፤ ሽማግሌውን ግን ለብቻቸው አገኘናቸው። የኖኅን ነገር እንደ ጻፍነው አድርገን ስናስረዳቸው አዳመጡንና፣ «ልክ ነው፤ ታዲያ የእኔንስ ማን ይነግረኛል? እኔም እኮ በሰው ርስት እፈርዳለሁ» አሉን። እንደምንነግራቸው ቃል ገባንላቸው። ከወራት በኋላ፣ በየካቲት፣ በአንድ የድንበር ጉዳይ ላይ ሲፈርዱ አጠገባቸው ነበርን፤ የከሳሹን ስም ለተከሳሹ፣ የተከሳሹን ለከሳሹ ሲሰጡ ሁለት ጊዜ ሰማን። ሰዎቹ በአክብሮት ዝም አሉ፤ እኛም ዝም አልን። ስማቸውን እዚህ አልጻፍንም፤ ነገር ግን ግንደወይን ትንሽ ከተማ ናትና ያነበበ ያውቃቸዋል። ስለዚህ ይህ መጽሔት ከዚያ ከመድረሱ በፊት እኛ ከቤታቸው መድረስ አለብን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።